አባቴን ያንገላታሁት እኔ አይደለሁም

ጥር ላይ፣ የሚካኤል ታቦት በገባ ማግስት፣ ከአባቴ ጋር ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሳይክል ሄድን። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎበዝ ብስክሌተኛ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ እኛ አምስት ቀን ፈጀብን። አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ተቀምጬ ስጽፍ የምውል፣ ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ የማለከልክ ሰው ነኝ።

መቂ ስንደርስ ፎቶ አነሳሁት። የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ክርኑ በፋሻ ታስሮ፣ ሳይክሉን ግንብ ላይ አስደግፎ ሙዝ ይልጣል። ፊቱ ላይ ለዓመታት ያላየሁት ፈገግታ አለ። ደስ ብሎኝ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

ማታ ስከፍተው የአስተያየት ናዳ ወርዷል። "በዚህ ዕድሜው አባትህን በፀሐይ የምታንከራትት ምን ዓይነት ልጅ ነህ?" ይላል አንዱ። "ለአውቶቡስ አጥተህ ነው? ቴሌብር ቁጥርህን ላክልኝ" ይላል ሌላው። "አገር እየነደደ እነ እንትና ሽርሽር ላይ ናቸው" የሚለው ደግሞ ብዙ ላይክ አግኝቷል።

ቴሌብር ያለው ልጅ ቁጥሬን ልኬለታለሁ፤ እስካሁን ምንም አልገባም። ስለ ሽርሽሩ በኋላ እመጣበታለሁ። ያንገበገበኝ የመጀመሪያው ነው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁና። የራሴ ድምፅ ነው፣ የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ የነበረኝ።

አባቴ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ እዚያ ሳይክል ብርቅ አይደለም፤ ተማሪውም፣ ነርሱም፣ አናጺውም ይነዳል። አባቴ አስተማሪ ሆኖ መራዊ ሲመደብ ከደመወዙ እየቆጠበ አንድ ጥቁር ፎኒክስ ገዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ ባሕር ዳር እየሄደ እናቱን ይጠይቅ ነበር። መሄጃው ብቻ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሁድ ደግሞ መመለሻው አለ። አዲስ አበባ ሲዛወር ፎኒክሷ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭና ተከተለችው። ኮተቤ እኛ ሰፈር "ቲቸር" ማለት ያቺ ሳይክል ማለት ነበረች፤ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ከኋላ በላስቲክ አስሮ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል።

ወላጅ አምጣ በተባልኩ ቀን "አባዬ፣ ሳይክሏን ከበሩ ራቅ አድርገህ አቁማት" ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። የጓደኞቼ አባቶች በመኪና ነበር የሚመጡት። ምንም አላለኝም። ከአንድ ሱቅ ጀርባ አቁሟት በእግሩ መጣ። በዚያው ዓመት ሸጣት። ለምን እንደሸጣት እስካለፈው ጥር ድረስ አልጠየቅሁትም። ባቱ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ነው የጠየቅሁት።

"ጎማዋ አልቆ ነበር" አለኝ።

ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ መዋሸት አይችልበትም።

እንግዲህ ከዚህ ተነስቼ ነው የምከራከረው። "አባትህን አንከራተትክ" ያለኝ ሰው ለአባቴ አዝኖ አይደለም። ሳይክል ላይ ያለ ሽማግሌ ሲያይ የታየው ድህነት ነው፤ ድህነት ደግሞ ያሳፍረዋል። ያው አባት በዚያው ፀሐይ ታክሲ ተራ አንድ ሰዓት ቆሞ ቢሰለፍ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆኖ ጉልበቱን አቅፎ ሐዋሳ ቢገባ፣ "ምን ዓይነት ልጅ ነህ?" የሚለኝ የለም። ያኛው መንገላታት የሁላችን ስለሆነ አይታይም። ከካይሮ ተነስተው ኬፕ ታውን ድረስ የሚነዱ ፈረንጅ ሽማግሌዎች በባሕር ዳር ሲያልፉ ደግሞ ለዓመታት አይተናል፤ አጨብጭበንላቸዋል፣ ፎቶም አብረናቸው ተነስተናል። ነጭ ጡረተኛ ሲነዳ "የሕይወት ፍቅር"፣ ጥቁር ጡረተኛ ሲነዳ "ልጅ የለውም እንዴ?" ነው ነገሩ። ዱከም አካባቢ ሕፃናት ሄልሜታችንን አይተው "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" እያሉ ሮጡብን። ቀረብ ሲሉ አባቴ "አካም ጅርቱ!" አላቸው። አንዷ ልጅ የተበሳጨችውን መበሳጨት አልረሳውም፤ የተታለለች ነው የመሰላት።

በነገራችን ላይ ይቺ አገር ሳይክልን የምታውቀው ዛሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ላይ ነው፤ የላከችውም ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ ከአራት ዓመት በፊት እነ ገረመው ደንቦባ በአገራችን ማልያ ፔዳል ይመቱ ነበር። ትግራይ እነ ፅጋቡ ግርማይን አፍርታለች፤ ፅጋቡ በ2008 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከመረብ ማዶ አስመራ ያደገው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2016 በዚያው ውድድር ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወስዷል። አስመራ ሽማግሌው ሱፍ ለብሶ ሳይክል ላይ ሲወጣ ማንም ዞሮ አያየውም። አባቴ ኮተቤ ውስጥ ይህን ቢያደርግ ሰፈሩ ለእናቴ ደውሎ "ጋሼ ደህና ናቸው?" ይላል። ደውለዋልም።

ወደ መንገዱ ልግባ። ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከመገናኛ ወደ ቦሌ አዲሱ የሳይክል መስመር ላይ ነዳን። ሳልሰስት አመሰግናለሁ፤ ጥሩ ነው። ልሙጥ ነው፣ ቀለም ተቀብቷል፣ አበባ ተተክሎበታል። አባቴ እጁን ዘርግቶ እንደ ልጅ ነዳ። "እንዲህ ከሆነ እስከ ሞያሌ እሄዳለሁ" አለኝ። ከዚያ መስመሩ አለቀ። እየጠበበ አይደለም ያለቀው፤ ድንገት ነው፣ ሐሳቡን የረሳ ሰው ንግግሩን እንደሚያቋርጥ። ከዚያ በኋላ ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ አቃቂ ነው። ሲኖትራኩ፣ የጭነት ተሳቢው፣ ቅጥቅጡ፣ ባጃጁና እኛ አንድ አስፋልት ላይ።

እነዚህ የከተማ መስመሮች የተሠሩት የሆነ ቦታ ለመድረስ ለሚነዳ ሰው አይመስሉም። ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ለሚመለስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሳይክል በሰዓት ተከራይቶ ፎቶ ለሚነሳ ሰው ነው የሚመቹት። እሱም መብቱ ነው፤ አልነፍገውም። ግን ሳይክል ሥራ አለው። ከቃሊቲ ፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛ ሳይክል ቢኖረው ለትራንስፖርት የሚያወጣውን ብር ለልጁ ወተት ባዋለው። የሚያልፍበት ቦታ ስለሌለ አይነዳም፤ ስለማይነዳ ደግሞ "ሳይክል ነጂ የለም፣ ለማን ብለን እንሥራ?" ይባላል።

ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ከሞጆም እስከ ባቱ ፈጣን መንገድ አለ። ለሳይክል ክልክል ነው። ይህን የምጽፈው ልቃወም አይደለም፤ ሕጉ ልክ ነው፣ መኪና በ120 በሚበርበት መንገድ ላይ አባቴን ይዤ መግባት አልፈልግም። ግን እኛን ከዚያኛው ካስወጣችሁን አሮጌውን ስጡን። አሮጌው መንገድ ላይ ያገኘነው ምንድን ነው? የክፍያ ብር የሚሸሸው የጭነት መኪና ሁሉ እዚያው ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ገቢ ወጪው አለ። ገበያ ቀን ሲሆን ጋሪው፣ አህያው፣ ጀሪካን የተሸከመችው ሴት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ሕፃን ይጨመርበታል።

ደግሞ የአስፋልቱ ጠርዝ አለ። መኪና ውስጥ ሆናችሁ ስታልፉ አታዩትም፤ እኔም ሠላሳ ጊዜ ሐዋሳ ሄጄ አይቼው አላውቅም። መንገዱ በታደሰ ቁጥር በአሮጌው አስፋልት ላይ አዲስ ይደረብበታል። ዳሩ ግን አይነካም። ዝናብ ያጥበዋል፣ ጎማ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ አስፋልቱ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ቦታ ቦታ ላይ ልዩነቱ አንድ ስንዝር ይደርሳል። የጭነት መኪና ከኋላ ክላክስ ሲያደርግባችሁ ምርጫው ሁለት ነው፤ መቆየትና መገጨት፣ ወይም ከዚያ ጠርዝ ላይ ወደ ኮረኮንቹ መዝለል። ዘላችሁ ከተረፋችሁ መመለስ አለ። የፊት ጎማ ጠርዙን በጎን ሲነካው ይንሸራተታል፤ የምትወድቁት ደግሞ ወደ መንገዱ ውስጥ ነው፣ የሚቀጥለው መኪና ፊት።

አባቴ በሁለተኛው ቀን፣ ዓለም ጤናን አልፈን መቂ ሳንደርስ የወደቀው እንደዚህ ነው። ከፊት አንድ አውቶቡስ ሌላ መኪና ሊቀድም በእኛ መስመር መጣ። ቀጥ ብሎ መጣብን። አየን፣ አየን፣ አልተመለሰም። አባቴ ከፊቴ ነበርና ወደ ዳር ወጣ። ጠርዙ ጣለው። አውቶቡሱ በአጠገቡ ሲያልፍ ነፋሱ ኮፍያውን ወሰደው። ሾፌሩ አላቆመም። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ፋዘር፣ ቤትህ ተቀመጥ!" ብሎ ጮኸ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ሊገድለው የነበረው ሰው መክሮት ሄደ። መቂ ማታ ያነበብኩት አስተያየት ደግሞ ከዚህ በምን ይለያል? "በዚህ ዕድሜው" የሚለው ሁሉ፣ በትሕትና ቢያሽሞነሙነውም፣ ያለው "ቤትህ ተቀመጥ" ነው።

ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ቆሞ አነሳን። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ውኃ አምጥቶ የአባቴን ክርን አጠበለት። "አባባ፣ ሳይክሉን ከላይ እንጫነው፣ መቂ ላድርስዎ" አለ። አባቴ አመሰገነው፣ መረቀው፣ እምቢ አለ። የቀረውን ሳይክሉን እየገፋ በእግሩ ሄደ። እኔ ከኋላ እየገፋሁ አለቀስኩ። ደግነቱ አላየኝም። መቂ ክሊኒክ ታሸገለት፤ ከዚያ ሙዝ ገዛ፤ ከዚያ ያንን ፎቶ ተነሳ።

አንድ ነገር ላይ ተቺዎቼ እውነት አላቸው። ያን ቀን አባቴ ሊሞት ይችል ነበር፤ የወሰድኩትም እኔ ነኝ። እናቴ ስልክ ላይ "አንተ ልጅ፣ ቀብር ልታስጠራኝ ነው?" ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ግን መንገዱ ላይ የሚሞተው ለጉብኝት የወጣ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። አባቴ ከመቂ እስከ ባቱ በሳይክል የሚሄደውን ሰው መቁጠር ጀምሮ ሠላሳ ሲሞላ ሰልችቶት ተወው። ሽንኩርት የጫነ፣ ሚስቱን ከኋላ ያስቀመጠ፣ ደብተሩን በአገጩ የያዘ ተማሪ። አንዳቸውም ሄልሜት የላቸውም፤ አንዳቸውንም ፌስቡክ ላይ "አትንከራተት" ያላቸው የለም። እኛ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ወደቅን፤ እነሱ በየቀኑ ያችኑ ጠርዝ ይዘላሉ። በዚህች አገር የመኪና አደጋ በየዓመቱ በሺዎች ይገድላል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መኪና ኖሯቸው የማያውቁ እግረኞች ናቸው።

ሰነድ አጥተን አይደለም። ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 የአሥር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ እግረኛና ሳይክል ይቀድማሉ የሚል ነው። አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ሰነድ ነው። ትኩረቱ ግን ከተሞች ላይ ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ገበሬና ተማሪ ሞተር አልባ መሆኑን ማን ይንገርለት? የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከ2016 ጀምሮ ከልክለናል፤ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስናወራ ውለን እናድራለን። ነዳጅም ኤሌክትሪክም የማይፈልገው ግን ወሬያችን ውስጥ የለም።

የምጠይቀው ተአምር አይደለም። አሮጌ መንገድ ሲታደስ ከግራና ከቀኝ አንድ ሜትር ተኩል ከአስፋልቱ እኩል ይነጠፍ። ቀለም ባይቀባ፣ አበባ ባይተከል ግድ የለንም። "ገንዘብ የለም" የሚለኝ ካለ፣ የአበባውን ተው ነው መልሴ።

ሦስተኛውን ቀን ባቱ አረፍን። በአራተኛው ቡልቡላን፣ የላንጋኖን ግራሮች፣ ከሰል ሻጮቹን አልፈን ወደ አርሲ ነጌሌ የሚወስደውን አቀበት ወጣን። ከእኔ ቀድሞ ወጣ፤ ይህን እንድጽፍ አስምሎኛል። ነጌሌ ላይ "የመጣንበትን አገር ሳንቀምስ?" ብሎ አንድ መለኪያ አረቄ ጠጣ፤ እናቴ ይህን ካነበበች ቀሪውን እሱ ይወጣው። ሻሸመኔ የባጃጅ ባሕር ነው፤ ወርደን ገፋን። ሐዋሳ ስንገባ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየና "የሳይክል ከተማ ነበረች እኮ" አለ። እውነትም ነበረች፤ አሁን ባጃጅ በልቷታል። አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ በላን። በዚያ ምሽት በአውቶቡስ ቲኬት አዲስ አበባ ለመመለስ ስስማማ አላኮረፈም፤ ጉልበቱ አብጦ ነበር።

አሁን ወደ "አገር እየነደደ" ልምጣ።

አባቴ መጀመሪያ ሐዋሳ አላለም። ያለው ባሕር ዳር ነው። ጡረታ የወጣ ጊዜ በአንድ የሒሳብ ደብተር ላይ ማደሪያዎቹን በተርታ ጽፎ ነበር፤ ፍቼ፣ ጎሐ ጽዮን፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ። ዓባይ በረሃ መውረጃውን "ፍሬን ይፈተሽ" ብሎ በቀይ አስምሮበታል። በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዳንግላ በኋላ በመራዊ በኩል፣ ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚመላለስባት መንገድ ሊገባ ነበር ያሰበው። መጀመሪያ እኔ ሥራ በዛብኝ እያልኩ አዘገየሁት። ከዚያ 2015 ክረምት ላይ ጦርነቱ መጣ። አያቴ በዚያ መሀል ሞተች፤ መንገድ ተዘግቶ ቀብሯ ላይ አልደረሰም። ለቅሶ የተቀመጠው ኮተቤ ነው።

ስለዚህ "አገር እየነደደ ሽርሽር" ያልከኝ ወንድሜ፣ እሳቱን ከአንተ ሰምተን አይደለም የምናውቀው። ሐዋሳ የሄድነው እሳቱ ያልዘጋው የቀረን መንገድ እሱ ስለሆነ ነው። ሰው ቤቱ የሚገባበትን መንገድ ስለተነጠቀ፣ የቀረውንም ባለመሄድ ማዘኑን እንዲያሳይ የምትጠይቀው ለምንድን ነው? አባቴ 37 ዓመት አስተምሯል። ለማን ይቅርታ ጠይቆ ነው ሳይክል ላይ የሚወጣው?

ሳይክሉ አሁን ሳሎን በር አጠገብ ነው ያለው፤ እናቴ ተስፋ ቆርጣ ጨርቅ ታለብሰዋለች። እሱ እሁድ እሁድ ጎማውን ይነፋል። እኔ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ከሰው የተለየ ወሬ የምሰማ ይመስለዋል፤ ቡና ሲቀርብ ደብተሩን ይከፍትና "የደጀን ሰዎች ምን ይላሉ፣ መንገዱ እንዴት ነው?" ይለኛል። በየሳምንቱ ያው ጥያቄ ነው። ባለፈው እሁድ "ፍሬኑን ቀይሬዋለሁ" አለኝ።